ከብሬሺያ እስከ ቡሬ፦ የጣሊያን የእሽቅድምድም መኪና ቅርስ በምዕራብ ጎጃም መንገድ ላይ

የጣሊያን የእሽቅድምድም መኪና የተወለደው በታጠረ ሜዳ ሳይሆን በአውራ ጎዳና ላይ ነው። ቪንቼንዞ ፍሎሪዮ የተባለው የሲሲሊ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1906 ታርጋ ፍሎሪዮን ሲጀምር መኪኖቹን የለቀቃቸው በማዶኒ ተራሮች በሚጠማዘዝ አቧራማ የገጠር መንገድ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ውድድር አንዱ ዙር 148 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ኋላ ዙሩ ወደ 72 ኪሎ ሜትር ሲያጥርም ጥምዙ ከ800 በላይ ነበር፤ መንገዱን በቃሉ የሚያውቅ ነጂ ፈጣን መኪና ይዞ ከመጣ እንግዳ ይበልጥ የሚፈራውም ለዚህ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር የፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1927 ደግሞ በሰሜን ጣሊያን የብሬሺያ ሰዎች ሚሌ ሚሊያን፣ ማለትም የአንድ ሺህ ማይል ውድድርን፣ መሠረቱ። ከብሬሺያ ሮም፣ ከሮም ብሬሺያ፣ በጠቅላላው 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለምዕራብ ጎጃም አንባቢ በሚቀርብ ልክ ሲነገር፣ ከአዲስ አበባ ቡሬ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ እንደ መሄድ ነው፤ ያውም ያለ ዕረፍት። መኪኖቹ በየደቂቃው አንድ በአንድ ይለቀቁ ነበርና በጎናቸው የሚጻፈው ቁጥር የተነሡበትን ሰዓት ይናገራል። በ1955 ያሸነፈው የእንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ መኪና ቁጥሩ 722 ነው፤ ከጠዋቱ 7፡22 በፈረንጅ ሰዓት ተነሥቷል ማለት ነው። ያን ጉዞ በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ጨረሰ፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት ከ157 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በጣሊያኖች ውድድር ከሁሉ ገኖ የሚወራው ጉዞ የተነዳው በጀርመን መርሴዲስ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ውድድር ዋጋው ከባድ ነበር። ግንቦት 12 ቀን 1957 ጉዊዲዞሎ አጠገብ የአንድ ፌራሪ ጎማ ፈነዳ። መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ነጂውን ስፔናዊ አልፎንሶ ደ ፖርታጎንና አብሮት የነበረውን ረዳት እንዲሁም ዳር ቆመው ሲያዩ የነበሩ ዘጠኝ ሰዎችን ገደለ፤ ከእነዚህም አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ሚሌ ሚሊያ በፍጥነት ውድድርነቱ በዚያው አበቃ።

መንገዱ መኪናውን ቀረጸው። ለሜዳ ብቻ የሚሠራ ማሽን ቀጥ ባለ መስመር ላይ ቢፈጥን ይበቃዋል፤ ለአፔኒን ተራሮች የሚሠራው ግን ዳገት ላይ የማይደክም ሞተር፣ ቁልቁለት ላይ የማይከዳ ፍሬን፣ ጉድጓድ የሚችል ባሌስትራ፣ በመንደር ጋራዥ ሊፈታ የሚችል አካል ያስፈልገዋል። በጣሊያን ምህንድስና የመኪና ብቃት የሚለካው በፍጥነቱ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቱ በ1899 ቶሪኖ ላይ የተቋቋመው ፊያት ነበር። ቪንቼንዞ ላንቺያ የፊያት ተወዳዳሪ ሆኖ ቆይቶ በ1906 የራሱን ፋብሪካ ከፈተ፤ በ1922 ያወጣው ላምብዳ ሻንሲውንና አካሉን አንድ አድርጎ የሠራ፣ የፊት ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ መኪና ነበር። መሐንዲሱ ቪቶሪዮ ያኖ በ1923 ከፊያት ወደ ሚላኑ አልፋ ሮሜዮ ተሻግሮ ፒ2ን ነደፈ፤ ይህ መኪና በ1925 የመጀመሪያውን የዓለም የአምራቾች ሻምፒዮና አሸነፈ። የሞዴናው ኤንዞ ፌራሪ ከነጂነት ወደ ቡድን መሪነት ተዛውሮ በ1929 ስኩዴሪያ ፌራሪን አቋቋመ፤ በሚቀጥሉት ዓመታትም የአልፋ ሮሜዮን መኪኖች ያሰልፍ ነበር። በራሱ ስም የሚጠራው የመጀመሪያው መኪና፣ 12 ሲሊንደር ያለው 125 ኤስ፣ እስከ 1947 አልወጣም። በ1914 ቦሎኛ ላይ የተመሠረተው ማሴራቲ ደግሞ በ1939 እና በ1940 የአሜሪካውን ኢንዲያናፖሊስ 500 አሸነፈ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊታለፍ የማይችል አንድ ዓመት አለ። ሐምሌ 28 ቀን 1935 ጣሊያናዊው ነጂ ታዚዮ ኑቮላሪ በጀርመን ኑርበርግሪንግ ላይ በአልፋ ሮሜዮ ፒ3 ተሰለፈ፤ መኪናው ከመርሴዲስና ከአውቶ ዩኒየን ጋር ሲነጻጸር ያረጀ፣ ጉልበቱም ያነሰ ነበር። ሆኖም አሸነፈ። የፋሺስት ጋዜጦች በድሉ ሲፈነድቁ፣ የዚያው አገር ፋብሪካዎች ለምሥራቅ አፍሪካ የሚጫን የጭነት መኪና እያመረቱ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 1935 የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ፤ በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ጊዜ ሦስት ወር አይሞላም።

ፋሺስት መንግሥት የእሽቅድምድሙንም የጭነቱንም መኪና ወደ አፍሪካ አወጣ፣ የላከበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። ሊቢያ ውስጥ፣ ትሪፖሊ አጠገብ፣ በመላሃ ሐይቅ ዙሪያ 13 ኪሎ ሜትር የሚሆን ፈጣን የእሽቅድምድም መንገድ ተሠራ። ከውድድሩ ጋር የተያያዘ ሎተሪ ይሸጥ ነበር፤ የአውሮፓ ነጂዎችም በየዓመቱ ይጎርፉበት ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ግን የእሽቅድምድም መኪና ሳይሆን ወታደርና ቀለብ የሚያመላልስ ካሚዮን ነው። በ1931 የወጣው ፊያት 634 ኤን ናፍጣ የሚጠቀም ባለስድስት ሲሊንደር ከባድ መኪና ነበር፤ የላንቺያው ሮ ደግሞ በመጀመሪያ የተሠራው ከጀርመኑ ዩንከርስ በተገኘ ፈቃድ በተመረተ ሞተር ነው። ላምብዳን የመሰለ መኪና የሠራ እጅ ይህንንም ሠራ።

የጎጃም ምድር ለእነዚህ መኪኖች የሚመች አልነበረም። የክረምቱ ዋልካ ጎማ ይውጣል፣ የወንዞቹ መሻገሪያ በሐምሌና በነሐሴ ይዘጋል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ አርበኞች ነበሩ። ጣሊያን በዳንግላ፣ በቡሬ፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ ምሽግ ሠርቶ በመንገድ ያገናኛቸው ስለዚህ ነው። መንገዱ ለምሽጎቹ የሕይወት መስመር፣ ለአርበኛው ደግሞ የማድፈጫ ስፍራ ነበር።

በ1941 መጀመሪያ ላይ የታየው ትርኢት በመኪና ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ቦታ ሳያገኝ የቀረ ነው። በእንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይል ከሱዳን ድንበር ተነሥቶ በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ሲገባ ጓዙን የተሸከሙለት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በደጋው ብርድና በድካም አለቁ። ቡሬ የነበረው የኮሎኔል ናታሌ ጦር ግን ካሚዮንና ብረት ለበስ መኪና ነበረው። ቢሆንም መጋቢት 4 ቀን 1941 ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ማፈግፈግ ጀመረ። መጋቢት 6 ቀን ከደምበጫ ወዲህ በጨረቃ ወንዝ አጠገብ የጌዴዎን ኃይል ክፍል የሆነው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ሳይታሰብ ከፊቱ ተገኘ፤ ትንሹ ሻለቃ ከናታሌ ጦር ጋር ተጋጥሞ ከባድ ውጊያ ተደረገ። በዚያ ዘመቻ የበለጠ ሞተር የነበረው ወገን ተሸንፏል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 6 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከጦርነቱ በኋላ የጣሊያን መኪና በሌላ መንገድ ተመለሰ። በ1952 የወጣው ፊያት 682 ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ባለስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ይዞ በአፍሪካ ጎዳናዎች ስም አተረፈ። ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቀው ኤን 3 የተባለው ዓይነቱ ነው፤ ሾፌሮች ግን በአማርኛ «ሦስት» አላሉትም፣ የጣሊያንኛውን ቁጥር እንዳለ ይዘው «ኤንትሬ» አሉት። ስሙ ከመኪናው ዕድሜ ይረዝማል። የጎጃምን እህል ዓባይን አሻግሮ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ መኪና ሲታሰብ በሽማግሌ ሾፌሮች አእምሮ የሚመጣው የእርሱ ድፍን አፍንጫና ዝግ ያለ የሞተር ድምፅ ነው።

አንድ የጣሊያን ልማድ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ብቻ ሙሉ ትርጉሙ ይገለጣል። ጣሊያን በመንገዱ ቀኝ እየተነዳ እንኳ የጭነት መኪኖቿን መሪ ለረጅም ጊዜ በቀኝ በኩል አቆይታለች፤ የላንቺያ የቤት መኪኖችም እስከ 1950ዎቹ ድረስ እንዲሁ ነበሩ። ምክንያቱ የአልፕስ ጠባብ መንገድ ነው፤ ነጂው ከጎኑ ያለውን ገደል ጠርዝ በዓይኑ እየለካ መሄድ ነበረበት። ኢትዮጵያ እስከ ሰኔ 1964 ድረስ በመንገዱ ግራ ትነዳ ነበርና በቀኝ መሪ የተሠራ መኪና እዚህ እንግዳ አይሆንም። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሾፌር ግን የገደል ጠርዝ ማየት ለምን እንደሚጠቅም ማንም ሊያስረዳው አይገባም።

በዚህ በረሃ ላይ አንድ ቀላል ስሌት የእሽቅድምድሙን ምህንድስና ከጭነቱ ጋር ያገናኛል። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ያለው ከፍታ ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። 15 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ከ500 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ ሁሉን በፍሬን ከያዘው ያ ሙቀት በሙሉ በታምቡሩና በሸራው ላይ ያርፋል፤ ሸራው ይቃጠላል፣ ሽታው ከሩቅ ይሰማል፣ ፔዳሉ ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይዝም። ስለዚህ የልምድ ባለቤት ከአፋፉ ላይ ገና ሳይወርድ ከባድ ማርሽ ያስገባና ሞተሩን ራሱን ፍሬን ያደርገዋል። የሚሌ ሚሊያ ነጂዎች በፉታና በራቲኮዛ ማለፊያዎች ላይ የገጠማቸው ችግር ያው ነበር፤ የጣሊያን ሠሪዎች የፍሬን ታምቡሩን ዙሪያ እንደ ክንፍ በወጡ ስስ ብረቶች የከበቡትም አየር ሙቀቱን እንዲጠርገው ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከፍታው ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያሉበት 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሞተር ነዳጅ የሚያነደው በሚተነፍሰው አየር ልክ ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይወርዳል፤ ነዳጁ ካልተመጠነም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ያኖ በ1930ዎቹ የአልፋ ሮሜዮ ሞተሮች ላይ አየር የሚያምቅ መሣሪያ ያደረገው ለከፍታ ሳይሆን ለፍጥነት ነበር፤ ነገር ግን በሞተር ውስጥ አየርን በግድ የማስገባት ያው ሐሳብ ዛሬ በቱርቦ መልክ በእያንዳንዱ ዘመናዊ የጭነት መኪና ላይ አለ። ለጎጃም ደጋ የተፈጠረ ይመስል የሚስማማ መሣሪያ ነው።

የጣሊያን ቅርስ ግን ከብረቱ ይልቅ በቋንቋው ውስጥ ጠንክሮ ይኖራል። በፍኖተ ሰላም መውጫ በአንድ ጋራዥ ጥግ ለሚሠራ መካኒክ ዕቃ የሚያቀብል ልጅ የቆመበትን ቀን ማሰብ ይበቃል። መካኒኩ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናው ሥር እጁን ያወጣል፤ «ካቻቢቴ» ይላል፤ ቀጥሎ «ፒንሳ»፤ ትንሽ ቆይቶ «ዳዶውን ይዘህልኝ ቡሎኑን አጥብቅ»። ልጁ ጣሊያንኛ ሰምቶ አያውቅም፤ ግን ያለ ስህተት ያቀብላል። ኮፈን ይከፈታል፣ ካንዴላ ይጸዳል፣ ኩሽኔታ ይቀየራል፣ ፍሪሲዮን ይስተካከላል፣ ካምቢዮ ይወርዳል። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሲወጣ ፍሬቻ ያሳያል፤ ጎማው ሲፈነዳ ስኮርቱን ይገጥምና የፈነዳውን ለጎሚስታ ይሰጣል፤ መኪናው ሲቆሽሽ ላቫጆ ያስገባዋል።

የነዚህ ቃላት አለዋወጥ ራሱ ትምህርት ነው። የጣሊያንኛው ቪ በካቻቢቴ ውስጥ ወደ ብ ተለውጧል፤ ኮፋኖ መጨረሻውን ጥሎ ኮፈን ሆኗል፤ ኩሽኔቶ ደግሞ በአ ድምፅ ጨርሶ እንደ አማርኛ ስም ይረባል፣ «ኩሽኔታዎች» ይባላል። ከዚህ ሁሉ ጋር የሚወዳደር አንድ ቋንቋ አለ፤ እርሱም በጅቡቲ ባቡር በኩል የገባው ፈረንሳይኛ ነው። «ሾፌር» እና «ጋራዥ» የፈረንሳይኛ ቃላት ናቸው። «ፍሬን» እና «ማርሽ» ግን ከየትኛው እንደመጡ መከራከር ይቻላል፤ ድምፃቸው ወደ ፈረንሳይኛ ያደላል፣ ጣሊያንኛም በዚያው ትርጉም ተቀራራቢ ቃላት አሉት። በጥቅሉ ሲታይ ሰውየውና ቤቱ ፈረንሳይኛ፣ ከኮፈኑ በታች ያለው ደግሞ ጣሊያንኛ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ክፍፍል በአጋጣሚ አልመጣም፤ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ከከተማው ሥርዓትና ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሲገቡ፣ ሁለተኛዎቹን ያስተማረው ዘይት በነካው እጅ የሠራና ያሠራ የጋራዥ ሰው ነው።

የመንገዱ ታክሲም የራሱ የጣሊያን የዘር ሐረግ አለው። በኢትዮጵያ ከተሞች ለዓመታት ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ የሠራው ላዳ፣ የሶቪየት መኪና ቢባልም ሥሩ ፊያት 124 ነው። ፊያትና ሶቪየት ኅብረት በ1966 ተዋዋሉ፤ በ1970 የመጀመሪያዎቹ ከቶልያቲ ፋብሪካ ወጡ። ሶቪየቶች ለመንገዳቸው ሲሉ አካሉን አጠንክረው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በታምቡር ለውጠው ሞተሩንም በሌላ ተኩ፤ እንዲህ የተለወጠው መኪና ለኮረኮንች መንገድ የተስማማ ሆኖ ኢትዮጵያ ገባ። የ124 የመጀመሪያ ሞተር ግን የአውሬሊዮ ላምፕሬዲ ሥራ ነው። ላምፕሬዲ ወደ ፊያት ከመሻገሩ በፊት በፌራሪ ውስጥ ሆኖ አልቤርቶ አስካሪ በ1952 እና በ1953 የዓለም ሻምፒዮን የሆነበትን ባለአራት ሲሊንደር ሞተር የነደፈ ሰው ነው።

የዚሁ መሐንዲስ ሌላ ሥራ፣ ባለሁለት ካምሻፍት የፊያት ሞተር፣ ወደ አፍሪካ ደጋ በውድድር መልክ መጣ። ከ1953 ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ይካሄድ የነበረው ሳፋሪ ራሊ ለጣሊያኖች የማይደፈር ነበር፤ በ1975 የላንቺያ ስትራቶስ ሁለተኛና ሦስተኛ ወጣ እንጂ አላሸነፈም። ከላምፕሬዲ ሞተር የመጣና ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር የያዘው ላንቺያ ዴልታ ግን በ1988 እና በ1989 በሚኪ ቢያዚዮን፣ በ1991 ደግሞ በዩሃ ካንኩነን እጅ አሸነፈ። ያ መኪና ከ1987 እስከ 1992 ስድስት ተከታታይ የዓለም የራሊ ዋንጫ ያመጣ ነው። ለሳፋሪ ሲዘጋጅ ግን የሌላው ጊዜ ዴልታ አልነበረም፤ ከፊቱ የከብት መከላከያ ብረት ተገጥሞለት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ለጭቃና ለአቧራ ተሰናድቶ ነበር የሚወጣው። የቡሬ-ነቀምት መንገድን የሚመላለስ ሾፌር ይህን ዝግጅት ቢያይ ሥራውን ያውቀዋል።

የጭነቱ መኪና ወራሽ ኢቬኮ ነው፤ በ1975 የፊያት፣ የላንቺያ፣ የኦኤምና የሌሎች የጭነት መኪና ክፍሎች ተቀላቅለው የተፈጠረ ድርጅት ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1970 በፊያት የተመሠረተው አምቼ ሲገጣጥመው የኖረውም የዚህ ቤተሰብ መኪና ነው። ኢቬኮ በ2012 እና በ2016 በጄራርድ ደ ሮይ ነጂነት የዳካርን የጭነት መኪና ውድድር አሸንፏል። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በቆሎና በርበሬ ጭኖ የሚወጣው መኪና ዛሬ በብዛት የቻይና ሲኖትራክ ነው፤ ኢቬኮ ከመካከሉ አልጠፋም፣ ኤንትሬ ግን እየተመነመነ ነው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጎዳና ላይ በብዛት የሚታየው የጣሊያን ዘር ግን ከሁሉም ቀርፋፋው ነው። በአውሮፕላን ምህንድስና ያደገው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ በ1946 ለፒያጆ ፋብሪካ ቬስፓን ነደፈ፤ በ1948 ደግሞ ከቬስፓ ባለሦስት ጎማው አፔ ተወለደ፤ ትርጉሙ «ንብ» ነው። የህንዱ ባጃጅ ፋብሪካ ይህን ለመሥራት ከፒያጆ ፈቃድ ያገኘው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ውሉ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አበቃ። የዛሬው ባለሦስት ጎማ ባጃጅ በአካሉም በሞተሩም ከዚያ ጊዜ ብዙ ተለውጧል። ሆኖም የባጃጅ ሾፌር ከገበያ ሰው ጭኖ ሲነሣ ግራ እጁን ይመልከቱ፦ ፍሪሲዮኑን በጣቶቹ ይጫናል፣ መያዣውን ያጠማዝዛል፣ ማርሹ ይገባል። በመያዣ ማዞር ማርሽ የማስገባቱ ዘዴ ዳስካኒዮ በ1946 በቬስፓ ላይ ያደረገው ነው።